«ውሃው ንጹህ ነው» ያለው ማን ለክቶ ነው?

ለአዘጋጁ፣

አዳማ ላይ ግቢ ሲሸጥ ደላላው «የጉድጓዱ ውሃ ንጹህ ነው» ይላል። በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን) በሊትር 4 ሚሊግራም መሆኑን ከላብራቶሪ ውጤት አይቶ ከደበቀ ዋሽቷል። ሳያስለካ ከተናገረ ግን ዋሸ ለማለት ይከብዳል፤ እውነቱን መች አወቀና! ለእኔ ይኸኛው ይብሳል፤ ዋሾው የደበቀው ወረቀት ተፈልጎ ይገኛል፤ ያላስለካው ግን የሚፈለግ ወረቀትም የለው።

በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ቀለምም ሽታም ስለሌለው «ቀምሼዋለሁ» ማስረጃ አይሆንም። ሲፈላም ውሃው ይተናል እንጂ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል። ናሙናው ከዚያው ጉድጓድ፣ ፓምፑ ጥቂት ከሠራ በኋላ፣ በንጹህ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳ። የጎረቤት ውጤት አይበቃም፤ በጥልቀትና በድንጋዩ ዓይነት መጠኑ ይለያያል።

የውሃ ጥራት ባለሙያ፣ ከአዳማ