ለእንጀራ ጋጋሪዋ እናት ምን ብዬ ልመልስ?

ውድ አዘጋጅ፣

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አያዋጣም የሚለውን ጽሑፋችሁን ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ዲግሪ ይዘው ሥራ ፈተው የተቀመጡ ልጆችን አይተው ተቆርቁረዋል። እኔም እቆረቆራለሁ። አዳማ ውስጥ 12ኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ እነዚያን ልጆች በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ግን «አያዋጣም» ብሎ መዝጋቱ አልተዋጠልኝም።

ዘንድሮ ውጤት እንደወጣ አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ልጃቸው ማለፊያ ነጥብ አምጥቷል። አጎቱ ደግሞ ጋራዥ አለውና «ይምጣ፣ ሙያ ይልመድ፣ ቶሎ ደሞዝ እቆርጥለታለሁ» ብሏል። «መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አሉኝ። «የቱ ይሻለኛል?»

ቁጭ ብለን በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ አሰላነው። ለኪስ በወር 1,500 ብር ቢልኩለት፣ በዓመት ለአሥር ወር፣ ለአራት ዓመት፣ 60,000 ብር ይመጣል። ትራንስፖርት፣ ብርድ ልብስ፣ ኮፒ፣ ስልክ አልገባበትም። ከአንድ እንጀራ ስንት እንደሚተርፋቸው ጠየቅኳቸው። ጤፉም እንጨቱም ተነስቶ 3 ብር ገደማ ነው አሉኝ። በወር 500 እንጀራ ጨምረው መጋገር አለባቸው ማለት ነው። በአራት ዓመት 20,000። ቁጥሩን ስጽፈው እጃቸውን አየሁ። ምጣድ የጠበሰው እጅ ነው።

ሰው ስለ ዲግሪ ዋጋ ሲያወራ ቶሎ የሚያነሳው ኮስት ሼሪንጉን፣ ማለትም የወጪ መጋራቱን ነው። እሱ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ በየወሩ ይቆረጥበታል። ብዙ ቤተሰብ ይፈራዋል። ከፍሎ እስኪጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪውን ስለማያገኝ ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊውን ወረቀት ይዞ የሚንከራተት ልጅም አለ። ቢሆንም ለእኚህ እናት ትልቁ ወጪ ያ አይደለም። ትልቁ ወጪ 20,000 እንጀራው ነው። ልጁ ጋራዥ ገብቶ ሊያገኝ ይችል የነበረው የአራት ዓመት ደሞዝም አለ። ከምረቃ በኋላ ሲቪ ይዞ አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆምበት ጊዜም አለ። ሰሌዳው ላይ «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ስንት ሰው እንደሚሻማበት ያየ ያውቀዋል።

ሌላም ስጋት አለ። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና ለሁሉም የትምህርት ዓይነት መጥቷል። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥትም ከግልም ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ዓመታት ተምሮ ፈተናውን ያላለፈ ልጅ ዲግሪውን አይወስድም። ወጪው ግን ወጥቷል።

ይህን ሁሉ ለእናትየው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «እሱ የሚማረውን ተምረው የወጡት ልጆች አሁን የት ናቸው?»

መልስ አልነበረኝም። የማውቀው የራሴን ተማሪዎች ብቻ ነው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ አለ። አካውንቲንግ ጨርሳ ከአንድ ዓመት በላይ ቤት ተቀምጣ ባንክ የገባች አለች። ነርሷ ወዲያው ነው የተቀጠረችው። አባቷ ቀን ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬ ታናናሾቿን የምታስተምረው እሷ ናት። ዶርምና ካፌ ባይኖር ያቺ ልጅ ከሰፈሯ አትወጣም ነበር። ለዚህ ነው «አያዋጣም» የሚለው ቃል የሚያመኝ። ሀብታም ልጁን ሌላ ቦታ ያስተምራል። «አያዋጣም» ሲባል የሚቀረው የድሃ ልጅ ነው።

ግን የሦስት ተማሪ ወሬ መረጃ አይሆንም። እናትየው የጠየቁት ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል። ደግሞ መልሱን ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ተማሪው በየዓመቱ የሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል አለ። ዩኒቨርሲቲው ማን ምን እንደተማረ ያውቃል። ተመራቂው ሲቀጠር አሠሪው ከደሞዙ ቆርጦ ለገቢዎች ያስገባል። የዩኒቨርሲቲውንና የገቢዎችን መዝገብ ያገናኘ ሰው ከየትኛው ዲፓርትመንት የወጣ ልጅ በስንት ጊዜ ሥራ እንደያዘና ምን ያህል ደሞዝ እንደጀመረ ማየት ይችላል። በግሉ የሚሠራውና ሳይመዘገብ የተቀጠረው ይቀራል፤ እሱን በስልክ መጠየቅ ነው። ብሩን ለመሰብሰብ የሚያገለግል መዝገብ ቤተሰብን ለመምከር የማያገለግልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን በየዲፓርትመንቱ ያውጡት። የመውጫ ፈተናውን ውጤትም አብረው ይለጥፉት። ተማሪው ዲፓርትመንት ከመምረጡ በፊት ይድረሰው። አሁን ልጆቹ የሚመርጡት በስሙ ግርማ ነው፣ አለዚያም ጓደኛ የሞላውን አይተው። የሚፈልጉትን የሚያገኙትም በነጥብ ነው፤ ግን ቢያንስ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫቸውን አውቀው ይሙሉ።

እናንተም ጋዜጠኞች «ያዋጣል፣ አያዋጣም» ከማለት ይልቅ ይህን ቁጥር እየደወላችሁ ጠይቁልን። አንዱ ባይሰጣችሁ ሌላው ይሰጣችኋል። የሰጠውንና የከለከለውን ጻፉ፤ ወላጅ ያነባል።

እኔ ለእናትየው በመጨረሻ «ይግባ» አልኳቸው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ያነባል። ጋራዡም በክረምት ይጠብቀዋል፤ አጎቱን ራሴ አነጋግሬዋለሁ። ይህን ስል ግን እርግጠኛ ሆኜ አልነበረም። ገምቼ ነው። በሰው 20,000 እንጀራ መገመት ደግሞ ከብዶኛል።

ልጁ ገብቷል። እናቱ ሌሊት የሚነሱበትን ሰዓት በአንድ ሰዓት አስቀድመውታል። ዲፓርትመንት የሚሞላበት ጊዜ ሲደርስ ደውሎ «ቲቸር፣ ምን ልሙላ?» ይለኛል። ቃል ገብቶልኛል።

የ12ኛ ክፍል መምህር፣ ከአዳማ