መድረኩን ያዘዘው ማን ነበር?

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ስለ ሩሲያዊቷ የባሌት ዳንሰኛ ስለ ማቲልዳ ክሽሺንስካያ ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ሆኖም ጽሑፉ ከመነሻው እስከ መድረሻው የዳንሰኛዋንና የአልጋ ወራሹን ፍቅር ብቻ መተረኩ፣ በቤተ መንግሥቱ የተነሣውንም ቅናትና ሴራ የአንዲት ቆንጆ ሴት ጣጣ አስመስሎ ማቅረቡ ቅር አሰኝቶኛል። ዳንስ የማስተምር ሰው እንደ መሆኔ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ጥያቄ የመድረኩ አዛዥ ማን ነበር የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ዘመን (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሴንት ፒተርስበርግ የማሪንስኪ ቲያትርም ሆነ የዳንስ ትምህርት ቤቱ የሚተዳደሩት በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ሚኒስቴር ሥር ነበር። ስለዚህ በ1890 ከምረቃው ትርኢት በኋላ ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 3ኛ ወጣቷን ማቲልዳን በእራት ገበታ ከራሳቸው አጠገብ አስቀምጠው ልጃቸውን ኒኮላይን ከጎኗ ሲያደርጉ፣ ያን ያደረጉት የዳንሰኞቹ ሁሉ አሠሪ ናቸው። ከዚያ ምሽት ወዲህ የምታገኘው ሚና ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን መታየቱ ምን ያስደንቃል?

ሆኖም ችሎታዋን ከወዳጆቿ ኃይል ለይቶ ማየት ተገቢ ነው። የማዙርካ ጭፈራ ጌታ የነበረ የፖላንዳዊ ዳንሰኛ ልጅ ናት፤ ጣሊያናዊቷ ፒዬሪና ሌኛኒ ተመልካቹን ያስደመመችበትን፣ በአንድ እግር ጣት ቆሞ 32 ጊዜ መሽከርከርን፣ ከሩሲያ ዳንሰኞች መካከል መጀመሪያ ያሳካችው እርሷ ናት። ይህን የሞከረ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዚያች ቅጽበት የማንም መስፍን እጅ ደግፎ አያዞርም።

ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ኒኮላይ በ1894 በጀርመን ላለችው የሄሰ ግዛት ልዕልት ለአሊክስ በመታጨታቸው ፍቅሩ አበቃ። በ1896 የንግሥ በዓላቸው በሞስኮ ሲከበር ግን፣ የቀድሞ ፍቅረኛ በአዲሷ እቴጌ ፊት መጨፈሯ አይገባም በሚል ማቲልዳ ከዝግጅቱ እንድትቀር ተደረገ። እርሷም ወደ ንጉሡ አጎት ወደ ታላቁ መስፍን ቭላዲሚር ሄዳ አቤት አለች፤ ትእዛዝ ከላይ ወረደ። ልምምዱ ተጀምሮ የነበረው ባሌት እንደገና ተከፍቶ፣ ማሪዩስ ፔቲፓ ጭፈራ፣ ሪካርዶ ድሪጎ ደግሞ ሙዚቃ ለእርሷ ሲሉ ጨመሩበት። ከዝግጅቱ መገለሏ ግፍ ነበር፤ የተካሰችበት መንገድ ግን ለባልደረቦቿ ሁሉ መጥፎ ትምህርት ሆነ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የ1901ዱ ነገር ነው፤ ጽሑፋችሁ አንድም ቃል አልተናገረበትም። ማቲልዳ «ካማርጎ» በተባለው ባሌት ስትጨፍር፣ ቀሚሱን ከወገብ በታች ነፍቶ የሚይዘውን ክፈፍ አላደርግም ብላ ያለ እርሱ መድረክ ወጣች። የንጉሠ ነገሥቱ ቲያትሮች ዳይሬክተር ልዑል ሰርጌይ ቮልኮንስኪ በደንቡ መሠረት ቀጧት፤ ቅጣቱም ሠራተኛው ሁሉ በሚያየው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዳንሰኛዋ በቀጥታ ወደ ዳግማዊ ኒኮላይ አመለከተች፤ ንጉሡም ቅጣቱ እንዲነሣ አዘዙ፤ መነሣቱም እንደ ቅጣቱ ሁሉ በአደባባይ ተነገረ። ቮልኮንስኪ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ዳንሰኛዋ ክፈፉ እንቅስቃሴዋን እንደሚያውክባት መከራከሯ ሙያዊ መብቷ ነበር፤ ክርክሩን ከአለባበስ ጉዳይ አውጥታ ወደ ዙፋኑ መውሰዷን ግን ልደግፈው አልችልም። ንጉሡም ቢሆኑ፣ አገር የምታህል ጉዳይ እያለባቸው የቀሚስ ክፈፍ ላይ መፍረዳቸው የሾሙትን ሰው በሠራተኞቹ ፊት አዋርዷል። የቮልኮንስኪ ተተኪ ቴልያኮቭስኪም፣ ዳንሰኛዋ ለቲያትሩ የትርኢት ዝርዝር በመገዛት ፋንታ ዝርዝሩ የእርሷ ሆኖ እንደ ነበር በምሬት ጽፈዋል።

ያንን ዝርዝር እየተመለከቱ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ ሌሎች ዳንሰኞች ነበሩ። ቅናት ተብሎ የተጻፈባቸው ብዙዎቹ፣ በእኔ ግምት፣ ለሥራቸው የሚገባውን ሚና የጠየቁ ናቸው። በሚቀጥለው እትማችሁ ስለ እነርሱና ስለ ቮልኮንስኪም ጥቂት ቦታ እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፤
የዳንስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ