ለደንበኞቻችን፦ የነዳጅ መኪና ማዘዝ ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልካችን እረፍት አላገኘም። የነዳጅ መኪና ትእዛዝ መቀበል አቁመን የኤሌክትሪክ ብቻ ማምጣታችንን ከሰማችሁ ወዲህ ደውላችሁ የጠየቃችሁን፣ ቢሮ ድረስ መጥታችሁ የተቆጣችሁን፣ «ሰዎቹ ተለውጠዋል» ብላችሁ ለሌላ ሰው የነገራችሁብንም አላችሁ። ሁሉም ደርሶናል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ በሰው በሰው ስለደረሳችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አናጥፈውም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ከእኛ የገዛችሁት የነዳጅ መኪና ጋራዣችን ውስጥ እንደ ድሮው ይሠራለታል። ፊልትሮውም፣ ካንዴላውም፣ የፍሬን ሸራውም መደርደሪያ ላይ አለ። ያቆምነው አዲስ ማዘዝ ብቻ ነው። ቀብድ ከፍላችሁ መኪናው ያልመጣላችሁ ደግሞ ወይ ገንዘባችሁን ሳንቲም ሳይጎድል ትወስዳላችሁ፣ ወይ ለኤሌክትሪክ መኪና ታዛውሩታላችሁ። ማንም አያስገድዳችሁም።

አሁን ወደ ከፋኝ ነገር ልምጣ። «ትርፉ ስለሚበልጥ ነው» ተባልን። ይሄ በእውነት አሳዝኖኛል። እንደ እኛ ያለ ትንሽ ድርጅት የሚኖረው መኪና በመሸጥ ብቻ አይደለም። መኪናው ከተሸጠ በኋላ በሚመጣው ሥራ ነው። ዘይት ቅያሬ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፤ ያኖረን ይሄ ነው። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና የሞተር ዘይት አያስቀይርም፣ ካንዴላ የለው፣ ማርሚታ የለው። ፍሬኑ እንኳ ቶሎ አያልቅም። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ያቀዘቅዘዋል፣ ኃይሉንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሸራው የሚነካው አንዳንዴ ነው። ታዲያ ለትርፍ ብሎ የራሱን ገቢ የሚቆርጥ ነጋዴ የት ነው ያለው?

ወጪውማ አይነሳ። የመኪናው ባትሪ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናል፤ እሱን ለማውረድ የማንሻ መሣሪያችንን መቀየር ነበረብን። የብልሽት መመርመሪያውም ሌላ ሆነ። ሜካኒኮቻችን ከሥራ ወጥተው ሠለጠኑ፣ ደሞዛቸው ግን አልቆመም። ከነዚህ መኪኖች የብዙዎቹ ቮልቴጅ 400 ገደማ ነው፣ የአንዳንዶቹ 800 ይደርሳል። ይሄ በድፍረት የሚነካ ነገር አይደለም።

አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ቆማችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል። ሜካኒኩ ልጅ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ኬብል ከመንካቱ በፊት የጎማ ጓንቱን ከእጅጌው በኩል ጠቅልሎ አየር ይቋጥርበታል። ከዚያ ጆሮው ሥር አድርጎ ጨመቅ ያደርገዋል። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር ካለች «ስስስ» ትላለች፤ ያ ጓንት በዚያው ይጣላል። ጓንቱ ደህና ከሆነ ኃይሉን ያቋርጣል። ቢያቋርጥም ወዲያው አይፈታም። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ደቂቃዎች ይጠብቃል፣ ዜሮ መሆኑን ለክቶ ያረጋግጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ብሎኑን የሚነካው። «ልጁ ቆሞ ነው የሚውለው» ያላችሁኝ ደንበኛዬ፣ ያን ዕለት ያያችሁት ይሄንን ነበር።

እሺ፣ ታዲያ ለምን ገባንበት? እኛ መኪና አንሠራም። የምንሸጠው ፋብሪካ የሠራውን ነው። የምናመጣለት ፋብሪካ የነዳጅ ሞዴሎቹን አንድ በአንድ ከዝርዝሩ አወጣ። የቀሩትን ጥቂቶች ገዝቼ ልሸጥላችሁ እችል ነበር፣ ፈላጊም ነበረ። ግን ነገ የዚያ መኪና ካምቢዮ ወይም ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ ዕቃውን ከየት አመጣለሁ? እኔ ሥራ የጀመርኩት ከመኪና ሥር ተኝቼ ነው፤ መኪናውን አንጠልጥሎ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ያን ፊት በራሴ እጅ በሸጥኩት መኪና ማየት አልፈልግም።

ይሄ ደግሞ የእኛ ፋብሪካ ብቻ አመል አይደለም። የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ በነዳጅ ብቻ የሚሄዱ መኪኖችን መሥራት ያቆመው በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራው የኤሌክትሪክና ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረግ፣ ነዳጅም የሚጠቀም ሃይብሪድ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ የተሸጡት እነዚህ ሁለት ዓይነቶች ተደምረው ከ17 ሚሊዮን በልጠዋል፣ ከአምስት አዲስ መኪና አንዱ ማለት ነው።

«ቮልቮ እንኳ ቃሉን አጥፏል እኮ» ያላችሁኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ቮልቮ በ2030 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ብቻ እሸጣለሁ ብሎ ነበር፤ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ከ90 እስከ 100 በመቶው ኤሌክትሪክ ወይም ተሰኪ ሃይብሪድ ይሆናል ወደሚል ዝቅ አደረገው። መርሰዲስም ዕቅዱን አዘግይቷል። ትልልቆቹ ፍጥነታቸውን ቀንሰዋል፣ አዎ። ግን እነሱ ሁለቱንም እየሠሩ መቆየት የሚችሉ ናቸው። እኛ ለሁለት ዓይነት መኪና ሁለት መጋዘን ዕቃ፣ ሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ ሁለት ዓይነት ባለሙያ የምንይዝበት አቅም የለንም። አንዱን በደንብ መያዝ መረጥን።

ይሄን ካልኩ፣ አሁን ደግሞ እንደ ሻጭ ሳይሆን እንደ ሜካኒክ ልምከራችሁ። ከእኛም ግዙ ከሌላ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ማታ መኪናውን የት እንደምትሰኩት አስቡ። ባትሪው የሚይዘው ኤሌክትሪክ 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው እንበል። በ7 ኪሎዋት የቤት ቻርጀር ከባዶ እስከ ሙሉ 9 ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይፈጃል። በተራ ሶኬት፣ 2.3 ኪሎዋት ገደማ በሚሰጠው፣ ከአንድ ቀን በላይ ይሄዳል። ይሄን ሰምቶ የሚደነግጥ አለ፤ መደንገጥ ግን አያስፈልግም። መካከለኛ መኪና ለ100 ኪሎሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው በተራው ሶኬት እንኳ በ4 ሰዓት ገደማ ይመልሰዋል። ችግሩ ሶኬቱ ጭራሽ ለሌለው ነው። አንድ የቆዩ ደንበኛችን በዚህ ምክንያት አልሸጥልዎትም ብያቸው ተቀይመውኛል። መኪናቸው የሚያድረው መንገድ ዳር ነው፣ በአቅራቢያቸው ቻርጅ ማድረጊያ የለም። ገንዘባቸውን መቀበል ቀላል ነበር። ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡ፣ ቦታ ሲያገኙ መጀመሪያ የምደውለው ለእርስዎ ነው።

ሁለተኛው ነገር ርቀቱ ነው። ወረቀቱ ላይ 500 ኪሎሜትር ስለተጻፈ 500 ትሄዳላችሁ ማለት አይደለም። በየትኛው መለኪያ እንደተለካ ጠይቁ። ሲኤልቲሲ የሚባለው የቻይናው መለኪያ ለጋስ ነው፤ ያው መኪና ደብሊውኤልቲፒ በሚባለው የአውሮፓው ሲለካ ቁጥሩ ያንሳል። በፍጥነት ስትነዱ፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። እኛ ከአሁን በኋላ ዋጋ ስንነግራችሁ የትኛው መለኪያ እንደሆነ አብረን እንጽፋለን። በመንገድ ላይ የፈጣን ቻርጀሩም ነገር እንደዚሁ ነው፦ የሚነገራችሁ ደቂቃ ብዙውን ጊዜ እስከ 80 በመቶ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ሊሞላ ሲል ቀስ አድርጎ እንደሚቀዳ ሰው መኪናው ራሱ ይቀንሰዋል።

የሶኬቱን ዓይነት እባካችሁ በዓይናችሁ እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢቲ ነው፣ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው፤ ያለ ማገናኛ አይገጥሙም። ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መኪና በርካሽ ስታገኙም ስክሪኑ በምን ቋንቋ እንደሆነ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያው እናንተ ባላችሁበት ይሠራ እንደሆነ፣ ዋስትናው ድንበር ይሻገር እንደሆነ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ጋራዣችን የሚመጣው እሮሮ አብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው፣ እኛም ብዙ ልንረዳችሁ አንችልም።

ስለ ባትሪ ዕድሜ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ብዙ አምራቾች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ይሰጣሉ፣ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል፤ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ይጠግኑታል ወይም ይቀይሩታል። የናንተው ውል ምን እንደሚል ግን ራሳችሁ አንብቡት። ባትሪው ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ በብረትና ፎስፌት የሚሠራው ዓይነት ከሆነ አልፎ አልፎ 100 በመቶ መሙላቱ ይመከራል። ኒኬል ያለበት ከሆነ ግን ለዘወትር 80 ላይ ማቆሙ ይሻላል። ማቀዝቀዣውንም ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ኒሳን ሊፎች ባትሪያቸው በፈሳሽ አይቀዘቅዝም ነበርና ሙቀት በበዛበት አካባቢ አቅማቸው ቶሎ ወርዷል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት ሳታስለኩ ገንዘብ አትቁጠሩ። መለኪያው እኛ ጋ አለ፣ ከሌላ ቦታ ለምትገዙትም እንለካላችኋለን።

ጎማ ደግሞ ቶሎ ይበላል፣ መኪናው ከባድ ነው። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪም አለች፣ እሷ ስትደክም መኪናው አልነሳ ይላል። ይሄን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም።

አሁንም «የነዳጅ ነው የምፈልገው» የሚል ደንበኛ መብቱ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢገዛ አልቀየምም። እዋሻለሁ፣ ትንሽ እቀየማለሁ። ግን ሰርቪሱን እኛ ጋ ያምጣው፣ እንሠራለታለን። ላልወሰናችሁት ደግሞ ለሙከራ ያዘጋጀነውን መኪና ወስዳችሁ ቤታችሁ አሳድሩት። ሰክታችሁ እዩት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሱበት፣ ከዚያ ተመለሱና እንነጋገር። ቀብድ ያላችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቢሮው ቅዳሜ ግማሽ ቀንም ክፍት ነው፣ እኔም አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት