የመቶ መሪዎቹንም አስታውሱልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የተገኘውን የካራማራን ድል አስመልክቶ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጄኔራሎቹ አሉ፣ ታንኮቹ አሉ፣ ከጎናችን የተዋጉት ኩባውያንም አሉ። የመቶ መሪዎቹ፣ እነዚያ ወታደሮቹን ከፊት ሆነው የመሩ ዝቅተኛ መኮንኖች፣ ግን የሉም።

ታላቅ ወንድሜ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የተመረቀ የእግረኛ ምክትል መቶ አለቃ ነበር። ጅጅጋ መስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር ስትያዝ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ከሐረር ለእናታችን በጻፈው ደብዳቤ ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል የለም። «እማዬ፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የሱፍ ካልሲ ላኪልኝ» ይላል። ላክንለት። አብሮት የነበረ ወታደር በኋላ እንደነገረን፣ ካልሲውን እግሩ ለቆሰለ ልጅ ነው የሰጠው። እንዲህ ነበር እሱ።

የካቲት 26 ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ ሰፈሩ በሙሉ እልል አለ። እናቴም አብራ እልል ብላለች። መርዶው ገና አልደረሰንም ነበር።

ትግላችን ሐውልት ጋ የኩባውያኑን ፎቶ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ይገባቸዋል። የእኛዎቹንም ፊት ልጆቻችን ይዩ። እባካችሁ በየዓመቱ የካቲት ላይ ከየቤተሰቡ ፎቶና ደብዳቤ እየሰበሰባችሁ አትሙልን። እኛም አርጅተናል። የወንድሜን ፎቶ ኮፒ አስደርጌዋለሁ፤ ብቻ እሺ በሉኝ፣ ነገውኑ ይዤላችሁ እመጣለሁ።

ታናሽ እህቱ፣ ከአዲስ አበባ