መስኮት የሌለው የመስኮት ወንበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ስትሳፈር ደመናውን ከላይ እንድታየው ብዬ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍዬ የመስኮት ወንበር ያዝኩላት። ገብተን ስንቀመጥ ከጎኗ ያገኘነው ነጭ ግድግዳ ነው። ከፊቷ ያለው መንገደኛ መስኮት አለው፤ ከኋላዋ ያለውም አለው። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች «የሚከፈተው በየት በኩል ነው?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ።

በኋላ ሳጣራ ጉዳዩ ምስጢር አይደለም። በብዙዎቹ ቦይንግ 737 አውሮፕላኖች ላይ ከክንፉ ትንሽ ቀደም ብሎ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ወደ ጣሪያ ስለሚወጣ፣ እዚያ ቦታ መስኮት አይገባም። ሠሪው ያውቃል፤ አየር መንገዱም ያውቃል። ሳያውቅ የሚከፍለው መንገደኛው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ዴልታና ዩናይትድ አየር መንገዶች በመንገደኞች የተከሰሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ትኬት ስንገዛ የመቀመጫ ካርታ ተብሎ የሚታየን ብዙውን ጊዜ እኩል የሆኑ ባለ ቀለም ሳጥኖች ድርድር ነው፤ እሱም የሚመጣው በረራውን መርጠን ስማችንን ካስገባን በኋላ ነው። ታዲያ በምን እናወዳድር? የመጨረሻው ረድፍ ወንበር ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ አይለጠጥም። ከመከፋፈያው ግድግዳ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ቦርሳውን ከእግሩ ሥር ማኖር አይችልም። በረድፍና በረድፍ መካከል ያለው ርቀት በአንዱ አየር መንገድ 71 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 81 ሊሆን ይችላል፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የአውሮፕላኑ ስም ብቻውንም አይበቃም፤ ቦይንግ 777 በአንዱ ዘንድ በአንድ ረድፍ 9 ወንበር፣ በሌላው ዘንድ 10 ይይዛል።

እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የትኛው ወንበር ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ እንደሆነ ለማወቅ ብዙዎች ሲመሩበት የኖረው ሲትጉሩ ድረ ገጽ በ2025 ተዘግቷል። እንደ ኤሮሎፓ ያሉ፣ የወንበሮቹን ትክክለኛ መጠንና ቦታ ጠብቀው የተሠሩ ካርታዎች የሚያቀርቡ ድረ ገጾች ቢኖሩም፣ እውነቱን የመናገር ግዴታው የሻጩ ነው። ከክፍያ በፊት የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ የረድፉ ርቀት፣ መስኮት መኖር አለመኖሩ በግልጽ ይጻፍ።

እስከዚያው አንባቢዎች ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የአውሮፕላኑን ዓይነት ከበረራው ዝርዝር ላይ አንብቡ፤ አውሮፕላን ሊቀየር ስለሚችል የጉዞው ቀን ሲቃረብም እንደገና እዩት። በካርታው ላይ ባዶ የሚመስለው ሁሉ ባዶ እንዳልሆነም እወቁ፤ ወንበር ሳይመርጡ ትኬት የገዙ ሰዎች በካርታው ላይ አይታዩም።

ለእናቴ የመልስ ጉዞ ስልክ ደውዬ፣ ረድፉን አስጠይቄ፣ አምስት ረድፍ ወደ ፊት ያዝኩላት። ግንባሯን መስኮቱ ላይ እንዳስደገፈች እስክናርፍ ድረስ ቀና አላለችም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ