ይድረስ ለእህት ዓለም

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አባባ እንዴት ናቸው? የእማማስ ጉልበት ተሻላቸው?

ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ለመጨረሻው ደብዳቤሽ መልስ አለመስጠቴ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በዪኝ። የዚያን ነገር በወረቀት አልነካካውም፤ ስንገናኝ፣ ቡና ፊት ይሻላል። ኩርፊያ እንደምትችዪበት አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳታጥፊው፣ አደራ።

ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት። ጥቅምት 22 ቅዳሜ መንዝ፣ ጓሳ ሜዳ ላይ የቤተሰብ የእግር ጉዞ ተዘጋጅቷል። ከመሐል ሜዳም ከደብረ ብርሃንም 60 ሰው ተመዝግቧል፤ ግማሹ ልጅ ነው። ስሰማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባለፈው ስብሰባ ግን ሁሉም በአንድ ሰልፍ፣ በድምፅ ማጉያ እየተመራ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣ፤ መጨረሻ ላይም የአንድ ሰዓት ንግግር ይደረግ ተባለ። መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ለራሴም አልገባኝም። ብቻ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስልሳ ሰው በድምፅ ማጉያ ሜዳው ላይ ከተለቀቀ ልጆቹ የሚያዩት ከፊታቸው የሚሄደውን ሰው ጀርባ ብቻ ነው።

አሁን ሐሳቤን ልንገርሽ፤ የተሳሳትኩበት ካለ አርሚኝ። አራት ቡድን እናድርገው፤ በቡድን 15 ሰው፣ አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ከዚያ በላይ ከሆነ የመሪው ድምፅ ኋላ አይደርስም፤ ሲጮኽ ደግሞ አውሬው ይሸሻል። በቡድንና በቡድን መሐል 20 ደቂቃ ይሁን። ጉዞው ደርሶ መልስ ከ3 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ከ3,200 ሜትር በላይ ነንና አየሩ ስስ ነው፤ የመሐል ሜዳ ልጅ ላይሰማው ይችላል፣ ከቆላ ለእንግድነት የመጣ ዘመድ ግን ገና አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ትንፋሹ ያጥረዋል። ስለዚህ እርምጃውን የሚወስነው ትንሿ ልጅ እንጂ መሪው አይደለም።

መነሻው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢሆን እመርጣለሁ። በጥቅምት ውርጭ ሕፃናትን በ12 ሰዓት ማስነሣት ለምን ይጠቅማል? ጭላዳ ዝንጀሮው ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ወደ ሜዳው የሚወጣው ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው። ቀይ ቀበሮም የሚያድነው አይጥ ነው፤ አይጡ ደግሞ ብርድ ሲለቀው ነው ከጉድጓድ ብቅ የሚለው። እዚህ አገር በማለዳ መነሣት ጉብዝና ነው ስለሚባል ይህን ለማስረዳት ከባድ ነው። አንቺ ብትናገሪው ግን ይሰሙሻል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የውሻው ነገር ነው። ቤተሰብ ሲወጣ ውሻውም ይከተላል። የእብድ ውሻ በሽታ ከአንድ የቤት ውሻ ወደ ቀበሮዎቹ ከገባ መንጋውን ይፈጀዋል። በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ያሉትም በእኛው አገር፣ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በምዝገባው ጊዜ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ «ውሻችሁን አስራችሁ ኑ» መባል ያለበት። መነሻው ላይም ገመድ የያዘ አንድ ሰው ይቁም፤ ተከትሎ የመጣ ውሻ እዚያው ታስሮ ይቆይ። ደግሞም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የመውለጃቸው ወቅት ነው። ቀበሮ ደጋግማ አንድ ጉድጓድ ስትገባ ስትወጣ ከታየ ቡድኑ ፎቶ ልንሣ ሳይል ዞሮ ይለፍ። እናትየዋ ከተረበሸች ቡችሎቹን እየነከሰች ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች፤ በዚያ ብርድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከጭላዳ ቢያንስ 30 እርምጃ ርቆ ቁጭ ማለት ነው። ዋናው ግን በመንጋውና በገደሉ መሐል አለመግባት ነው፤ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ገደሉ ነውና መንገዱ ከተዘጋበት ይረበሻል። ወንዱ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱን ካሳየ ፈገግታ አይደለም፤ ልጆቹ ይህን አስቀድመው ይወቁ። ቆሎም ሆነ ዳቦ አይወርወርለት፤ እሱ ሣር በሊታ ነው፣ የሰው እህል ያስለመድነው እንደሆነ ነገ ከገበሬው ገብስ ውስጥ ነው የምናገኘው። ልጆቹም ከአፋፉ 10 እርምጃ ወዲህ ይቁሙ፤ ሣሩ ጠርዙን ስለሚሸፍነው መሬቱ የት እንደሚያልቅ አይታይም።

ለልጆቹ ያሰብኩት አንድ ነገር አለ። ለየሁለት ልጅ 4 ሜትር ሲባጎ ይሰጥና ጫፍና ጫፉን አስረው ሣሩ ላይ ክብ አድርገው ያንጥፉት። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ክቡ ውስጥ ያለውን ብቻ ይዩ። የአይጥ ጉድጓድ ያገኛሉ፤ አፉ ላይ እርጥብ፣ ፍርፍር ያለ አፈርና የተቀነጠበ ሣር ካለ ባለቤቱ ዛሬም አለ፤ የሸረሪት ድር ካደራበት ተትቷል። እጅ ግን አይግባበት። ጥርጊያ የመሰለች ቀጭን መንገድም ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ስትሄድ ያያሉ። ቀበሮዋ ጆሮዋን ቀስራ የምትጠብቃት ያቺን መንገድ ነው። ይህን ያየ ልጅ ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል ለመስበር የሚቸኩል አይመስለኝም። ጅብራ ለዓመታት ቆይቶ አንዴ ብቻ አብቦ እንደሚሞትም እዚያው ይነገረው።

ንግግሩን በተመለከተ ደግሞ... እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ? አባባ ቢመጡልን። የቄሮውን ሥርዓት፣ ጓሳው በጋራ ይጠበቅበት የነበረውን የጥንቱን ደንብ፣ ከወረቀት የሚያነብ ሰው አናጣም፤ ጓሳው ተዘግቶ፣ ተጠብቆ፣ ቀኑ ሲደርስ ገብቶ ያጨደ ሰው ግን ስንት ቀረ? የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ወገን እንዴት እንደተከፋፈለው፣ ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ተከልክሎ በበጋ እንዴት እንደሚከፈት፣ ከመሬት አዋጁ ከ1967 በኋላ ያ ሥርዓት እንዴት እንደላላ በራሳቸው አፍ ይንገሩን። 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ልጅ አይቀመጥም። አባባ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ፣ ልጆቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይቀመጡ፤ ዓይኑ የሚጨፈን ልጅ አይሰማም። ነፋሱም ከአባባ ወደ ልጆቹ ይሁን።

ከዚያ ገመድ ያስገምዷቸው። ሣሩን ከጥበቃዎቹ ጠይቀን፣ በፈቃድ ከታጨደው ነው የምንወስደው፤ እዚያ ላይ አንድ ዘለላ እንዳይነቀል። ለ60 ሰው ሁለት ሸክም ይበቃል። ማታውኑ ውኃ ነክሮ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ማሳደር ነው፤ ደረቅ የጓሳ ሣር ሲከር ይቀነጠሳል። ሣሩን ሁለት እጅ አድርጎ ከፍሎ እያንዳንዱን ለየብቻ ወደ ቀኝ ማክረር፣ ከዚያ ሁለቱን አጣምሮ ወደ ግራ መግመድ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ሲለቁት ይተረተራል፤ ልጆች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሲያጥርም አዲሱ ሣር አሮጌው ሳያልቅ ይግባ፤ ሁለቱም እጅ አንድ ቦታ ላይ ከተቀጠለ እዚያው ይበጠሳል። አንድ ክንድ ገመድ የገመደ ልጅ ይዞት ወደ ቤቱ ይሂድ።

ዝናብ ካስቸገረ ወፍ ዋሻ ደን እንሂድ የሚሉ አሉ። ጽዱም ዝግባውም ያማረ ነው፤ ግን ቁልቁለቱ ሲረጥብ ለሕፃን አይሆንም። ቀኑን ብናስተላልፈው ይሻላል።

አሁን ለአራቱ ቡድን ከፊት የሚሄድ ሦስት መሪ ብቻ ነው ያለኝ። አራተኛዋ አንቺ እንድትሆኚ ነው የምለምንሽ። ልጅ ሳይሰለች አንድ ጉድጓድ ላይ ሩብ ሰዓት የሚያቆይ ካንቺ ሌላ አላውቅም። ተቀይመሽኝም ቢሆን ነይ፤ ካልፈለግሽ አታነጋግሪኝ፣ ከልጆቹ ጋር ግን ሂጂ።

ለአባባ በቅሎ ላዘጋጅ ወይስ መኪና እስከ መንገዱ ዳር ያደርሳቸዋል? ጋቢያቸውን ደርበው እንዲመጡ ንገሪያቸው፣ ከሰዓት ጉም ይወርዳል። መልስሽን እስከ ሐሙስ ላኪልኝ፤ ዓርብ ማታ ሣሩን መንከር አለብኝ።

ያንቺዋ