ብቅሉን ማን ይጠብቀዋል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ «ሰው በአንድ ቦታ ረግቶ መኖር የጀመረው ማረስ ካወቀ በኋላ ነው» የሚል አነበብኩ። ይህ መታረም አለበት።

የምኖረው እስራኤል፣ ሐይፋ ነው። ከእኛ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የቀርሜሎስ ተራራ ከባሕር ዳሩ ሜዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ኤል ዋድ የሚባል ዋሻ አለ። እንግሊዛዊቷ አርኪዮሎጂስት ዶሮቲ ጋሮድ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ አስቆፍረውታል። ብዙዎቹ ቆፋሪዎች በአካባቢው መንደሮች የሚኖሩ ዓረብ ሴቶች ነበሩ፤ ይህ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ሰፍረው የነበሩት ሰዎች ናቱፋውያን ይባላሉ። አላረሱም። ሚዳቋ ያድኑ፣ የዱር ገብስና ስንዴ ያጭዱ ነበር። የማጭዳቸው እጀታ አጥንት፣ ስለቱ ባልጩት ነው። አንዱ እጀታ ጫፉ ላይ የእንስሳ ግልገል ተቀርጾበታል። ሙታናቸውን እዚያው ቀብረዋል፤ አንዳንዶቹን ከነዛጎል የራስ ጌጣቸው።

የልጅ ልጄ ክፍል ለጉብኝት ሲሄድ አብሬ ሄጄ ነበር። ዋሻው ደጃፍ ላይ ከአለቱ የተፈለፈለ ጉድጓድ አየሁ። አስጎብኚው አፉን ሳይከፍት «ሙቀጫ ነው» አልኩ። እናቴ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሳለን ጌሾ የምትወቅጥበትን መሰለኝ።

እዚያው ቀርሜሎስ ላይ ራቀፌት የሚባል የመቃብር ዋሻም አለ። ከመቃብሮቹ አንዳንዶቹ ናናን የመሰለ ሽታ ያለው ተክልና አበባ ተነጥፎባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ በዋሻው የድንጋይ ሙቀጫዎች ላይ የቀረውን ቅሪት መርምሮ፣ ከ13,000 ዓመት በፊት ቢራ ሳይጠመቅባቸው አልቀረም ይላል። እህሉን ዘፍዝፈው፣ አብቅለው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ አሙቀው፣ አብላልተው። ይኸው የእኛው ብቅል ነው!

ለእናቴ ነገርኳት። ዘጠናን አልፋለች። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ሲበቅል ማን ይጠብቀዋል? እየዞረ የሚያድር ሰው ብቅል አያበቅልም» አለችኝ። ብቅል ቀናት ይፈልጋል። ውኃ ማጠጣት፣ መሸፈን፣ ማየት አለ። ያ ሙቀጫም አለት ላይ የተፈለፈለ ነው፤ ማንም ተሸክሞት አይሄድም። እኔ መጽሐፍ አገላብጬ ያገኘሁትን እሷ ከጠላ ጋኗ ታውቀው ኖሯል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙልኝ። የልጅ ልጄ አማርኛ ማንበብ የምትለማመደው በጋዜጣችሁ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ፣ ከሐይፋ